ዘጠኝ ሳጥን አድማጭ

የስድብ ሊቅ ቢፈለግ ሞላልኝን የሚያህል አልነበረም። ራሱ ግን ሰው ሰድቦ አያውቅም። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ በደብረ ታቦር ታሪክ ሲያስተምር ከአፉ የወጣው ትልቁ ስድብ «አንተ ቦዘኔ» የሚል ሲሆን፣ እሱንም በማግስቱ ተማሪውን ከክፍል ውጭ ጠርቶ ይቅርታ ጠይቆበታል። ሊቅነቱ በሌሎች ስድብ ላይ ነበር፤ ያውም በአሜሪካ ፕሬዝዳንቶች። ማን ማንን ምን አለው፣ በየትኛው ምርጫ ጊዜ ነው ያለው፣ የተሰደበውስ ምን ብሎ መለሰ፤ ይህን ሁሉ እንደ ዳዊት በቃሉ ይወጣዋል።

ዕውቀቱ የተገኘው ከአንድ መጽሐፍ ነው። ልጁ ሩሐማ ከነሚስቱ አምጥታው ቴክሳስ፣ ዩለስ ከተማ በገባ በመጀመሪያው ዓመት፣ ቤተ መጻሕፍቱ ያረጁ መጻሕፍት በራፍ ላይ ደርድሮ ሲሸጥ ጀርባው በፕላስተር የተጠገነ ወፍራም የፕሬዝዳንቶች ታሪክ አገኘ። መጽሐፉ የ1960ዎቹ ጆንሰን ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲህ አሜሪካ ማን እንደነገሠባት አይናገርም፤ ሞላልኝም ይህ አልከፋውም። እሱን ያስተማሩት መምህራን ታሪክ የሚጻፈው ሰዎቹ ሞተው አፈራቸው ከደረቀ በኋላ ነው የሚሉ ነበሩ። ማታ ማታ በመዝገበ ቃላት እየታገዘ፣ በቀይ እርሳስ እያሰመረ፣ ሁለት ክረምትና ሁለት በጋ ፈጀበት። ጦርነቱና ውሉ ብዙም አልገረመውም፤ ጦርነትና ውል በየአገሩ አለ። የገረመው ስድቡ ነው። በእሱ አገር ንጉሥ የሰደበ ምላሱን ያጣል፤ እዚህ ደግሞ ያልተሰደበ የሚነግሥ አይመስልም።

ሥራው ታክሲ መንዳት ነበር። አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ታክሲዎች ተራ የሚጠብቁበት ሰፊ የአስፋልት ሜዳ አለ፤ ሾፌሮቹ ሎቱ ይሉታል። ከረፋዱ ጀምሮ እስከ ቀትር በኋላ ድረስ ተሳፋሪ ይሳሳል፤ ተራም አይንቀሳቀስም። ያን ጊዜ የእኛ ሰዎች ከመጠበቂያ ቤቱ ግድግዳ ጥላ ሥር የወተት ማመላለሻ የፕላስቲክ ሳጥን እየገለበጡ ይቀመጣሉ። ዘጠኝ ሳጥን ነበረ። ዘጠኙም ወደ ሞላልኝ ይዞራል።

«መምህር፣ የዛሬውስ?» ይሉታል።

እሱም ጉሮሮውን ጠርጎ ይጀምራል። ስለ ጆን አዳምስ የወንድ ብርታትም የሴት ርኅራኄም የሌለው ፍጥረት ነው ብሎ የጻፈበትን ሰው ያነሳል። ጄፈርሰን ከተመረጠ መጽሐፍ ቅዱስ ይቃጠላል ተብሎ ስለተወራው ወሬ፣ መጽሐፋቸውን ደበቁ ስለሚባሉት ሴቶች ይተርካል። ሊንከንን ጎሪላ ብለው እንደጻፉበት፣ ሁለት ፊት አለህ ሲሉትም «ሌላ ፊት ቢኖረኝ ይህንን አደርገው ነበር?» አለ ተብሎ እንደሚወራ ሲነግራቸው፣ ሰዉ ሳቁን ሳይጨርስ የራሱን መልከ ጥፉነት እየጠቀሰ እርስ በርሱ ይተራረባል። ያ በፈረንጆች የ2008 ምርጫ ዓመት ነበርና ሾፌሩ ሁሉ ከተሳፋሪ የሰማውን ስድብ ትኩስ ትኩሱን ይዞ ይመጣል፤ ስለ ኦባማ እንዲህ ተባለ፣ ስለ ሌላው እንዲያ ተባለ። ሞላልኝ ሁሉንም አዳምጦ፣ ራሱን ወዝወዝ አድርጎ፣ «ይህ ምኑ ስድብ ይባላል» ይላል፤ ከዚያ የድሮውን ያመጣል። የድሮው ሁልጊዜ ይበልጣል።

አንድ ታሪክ ግን እያሳቀ አይነግርም፤ የአንድሪው ጃክሰን ሚስት የራሔልን። ጄኔራሉ ለፕሬዝዳንትነት ሲወዳደር ጠላቶቹ እሱን ትተው ወደ ቤቱ ገቡ፤ ሚስቱ የሰው ሚስት ናት፣ በባል ላይ ባል ያገባች ናት ብለው በጋዜጣ አወጡባት። ጃክሰን አሸነፈ። እሷ ግን ባሏ ሥልጣኑን ሳይረከብ ሞተች። በመቃብሯ ላይ ቆሞ፣ ገዳዮቿን እግዚአብሔር ይቅር ይበላቸው፣ እሷም ይቅር እንዳለቻቸው አውቃለሁ፣ እኔ ግን አልችልም አለ። ሞላልኝ እዚህ ሲደርስ የነገሩን ማሰሪያ ይናገራል፦ «ነጭ ውሸት ነበር። ሰው በነጭ ውሸት ይሞታል።» በመጽሐፉ ኅዳግ ላይም በቀይ እርሳስ «ፍጹም ሐሰት» ብሎ ጽፎበታል።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ ጋርላንድ ከተማ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የዜግነት ፈተና ያስጠና ነበር። ይህችን ክፍል ከነፍሱ አስበልጦ ይወዳታል ቢባል ማጋነን አይሆንም። በሳምንቱ ስድስት ቀን ሻንጣ የሚጭን ሾፌር ነው፤ እሁድ ግን ጠመኔ ይይዛል፣ ሲገባም ሰው ይነሳለታል። ያስተማራቸው ሁሉ አልፈዋል፤ ሚስቱ ዓለምሸት ብቻ ስትቀር። እሷ ሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ አዳምስ ላይ ስትደርስ አገጯን በነጠላዋ ደግፋ ታንቀላፋለች።

አምሃ የመጣው በሚያዝያ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ቢሆነው ነው፤ የዲቪ ሎተሪ ደርሶት፣ ሁለት ዓመት መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲደረድር ቆይቶ ታክሲ የያዘ፣ ቪከሪ ሜዶ ሰፈር የሚኖር፣ ዝምተኛ ሰው። ሳጥን አጥቶ መሬት ላይ ስለተቀመጠ ሞላልኝ ራሱ ጠጋ ብሎ የሳጥኑን ጠርዝ አካፈለው። ወደደው። እንዲያውም በግንቦት የአምሃ ሚስት አይናዲስ ወረቀቶቿን ይዛ ዩለስ ድረስ መጥታለች። በአማርኛ የተጻፈ ሰነድ ወደ እንግሊዝኛ የሚመልስ እሱ ነበርና። ከመጀመሪያ ባሏ የወለደቻትን ልጅ ከወረታ ለማምጣት አፕላይ ልታደርግ ነበር።

ወረቀቶቹን ሲያነብ ነገሩ ገባው። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ለነጋዴ ተዳረች፤ ሳይስማሙ ቀሩና ሽማግሌ ተቀምጦ ንብረት አካፍሎ አፋታቸው። ሽማግሌ ከፈታ ተፈታ ነው፤ በአገሯ ከዚህ በላይ ማን ይጠይቃል? ከአምሃ ጋር ተጋባች። ሎተሪው ሲደርስ ግን የፍርድ ቤት ፍቺ አምጪ ተባለች፤ ፍርድ ቤት ሄዳ አጸናችው፤ የውሳኔው ቀን ከሰርጓ በሁለት ዓመት ዘግይቶ ተጻፈ። እሷና አምሃ ደግመው ተፈራረሙ፤ ሕጉም በዚያ ተዘጋ። ቀኖቹ ግን ወረቀቱ ላይ ተቀምጠዋል።

«መምህር፣ ይህ ነገር ከዚህ ጠረጴዛ አይለፍ» አለችው አይናዲስ፣ ጣቷን በወረቀቱ ላይ እንደጫነች። «ማለቴ፣ ሰው አይገባውም። እናቴ እንኳ የምታውቀው ግማሹን ነው።»

«ልጄ፣ እኔ መምህር ነኝ» አላት። «ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ የፈተና ወረቀት ከእጄ ወጥቶ አያውቅም።»

ዓለምሸት ከማድቤቱ ሆና ይህን ሰምታለች።

በሰኔ አንድ ቀን ጠዋት ሞላልኝ የራሔልን ታሪክ ተረከ። «ነጭ ውሸት ነበር» ብሎ ሲያሳርግ አምሃ፣ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ እንዳደረገ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እኔ ያነበብኩት ትንሽ ለየት ይላል። ፍቺው እኮ አላለቀም ነበር። ያለቀ መስሏቸው ነው የተጋቡት። በኋላ ሲያውቁ ደግመው ተጋቡ። ሶ፣ ስድቡ ውስጥ እውነት ነበረበት። የከፋውም ለዚህ ነው፤ ውሸትንማ ውሸት ነው ብለህ ትገላገለዋለህ።»

ማንም አልሳቀም። ጋሽ ወልደ ሥላሴ፣ የሎቱ ሽማግሌና የእድሩ ሊቀ መንበር፣ «ውይ ምስኪን» ብለው ከንፈራቸውን መጠጡ። ሞላልኝ ይህን ታሪክ ሲነግር ሦስት ዓመቱ ነው፤ ጋሽ ወልደ ሥላሴ ከንፈር መጥጠው አያውቁም። አምሃ ቀና ብሎ ሞላልኝን አየው፤ ዓይኑ ውስጥ ያለው አደራ ነበር፣ እኔና አንተ የምናውቀው ነገር የሚል። ሞላልኝ ግን ድፍረት አድርጎ ወሰደው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የአንድ ሳጥን ጀርባ ማየት ጀመረ። አንዱ ሾፌር «አንተ፣ እስቲ እዚያ ላይ ሊንከንን ፈልግልን» ብሎ ወደ አምሃ ዞረ። በማግስቱ ሁለት ሆኑ። አምሃ የሰዎቹን ሥዕል፣ በጋዜጣ ላይ የተሳለባቸውን መዘባበቻ፣ ጃክሰንን አህያ ብለው የሰደቡበትን፣ አህያዋም ውላ አድራ የፓርቲው ምልክት የሆነችበትን ሁሉ ከዚያች ማሽን እያወጣ ያሳያቸዋል። ትረካው ግን አጭር ነው፤ አያስጌጥም፤ የማያውቀውን «አላውቀውም» ይላል። ሞላልኝን ያንገበገበው ይህ ነው። አላውቅም እያለ የሚደመጥ ሰው በዘመኑ አይቶ አያውቅም። በሐምሌ አጋማሽ ወደ እሱ የሚዞሩት ሳጥኖች አራት ቀሩ፤ ከአራቱም አንዱ የሚያንቀላፋ ነበር።

ቅናት በእሱ ዕድሜ ነውር ነው። ሞላልኝ ይህን ያውቃል፤ ስለሚያውቅም ስሙን ለወጠው፤ ለትምህርት መቆርቆር አለው። ቤት ሲገባ ለዓለምሸት፣ የዛሬ ሰው ከማሽን የለቀመውን ዕውቀት ይለዋል፣ እያለ ያወራላታል። አምሃ ሲራመድ ትከሻው፣ ሲስቅ ጥርሱ፣ ሚስቱ ጠዋት በጨርቅ ጠቅልላ የምትሰጠው የምሳ ሳህኑ ሳይቀር ያበሽቀው ጀመር። አንድ ቀን አይናዲስ አረጋውያን ከምትንከባከብበት ሥራ ስትወጣ ሎቱ አጠገብ አምሃን ልታገኘው መጣች፤ ሾፌሮቹ ሁሉ ብድግ ብለው ሰላም አሏት። ዓለምሸት አንድ ቀን እንኳ ወደ ሎቱ መጥታ እንደማታውቅ ሞላልኝ ያን ጊዜ ትዝ አለው፤ በዚህም ቀና።

«ሞላልኝ» አለችው ዓለምሸት አንድ ማታ፣ እራቱን ሳይነካ ሲቀር፣ «ያ ልጅ ምን አደረገህ?»

«ምንም።»

«እኮ፣ ምንም ካላደረገህ ለምን ትበላዋለህ?»

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ጋሽ ወልደ ሥላሴ እጁን ይዘው ከሰው ለይተው ወሰዱት። የዜግነት ፈተናው ጥያቄ ከኦክቶበር ጀምሮ ሊለወጥ ነው አሉት። የባንዲራውን ቀለምና የኮከቡን ቁጥር የሚጠይቀው ይቀርና ነገሩ ምን ማለት ነው የሚል ይበዛበታል ይባላል። ሰዎች ፈርተዋል። አምሃ አዲሱን ከኢንተርኔት አውርዶ አጥንቶታል። ለመስቀል የቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴ ተቀምጦ ማን እንደሚያስተምር ይወስናል፤ እሳቸው ግን ቀድመው ሊነግሩት ፈልገው ነው።

«አንተ ደክመሃል» አሉት። «አሁን ለወጣቱ ልቀቅለትና ዕረፍ። ስታሻህ እየመጣህ ትባርከናለህ።»

ትባርከናለህ። ይህች ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ ሆዱ ውስጥ እንደ ጥሬ ሽንብራ ተቀመጠች። ክፍሉ ከሄደ እሱ ማን ነው? ዩለስ ውስጥ ሻንጣ የሚያነሳ አንድ ሽበታም ሾፌር።

ኮሚቴው ሊቀመጥ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አምሃ፣ በሾፌሮቹ ጥያቄ፣ የራሔልን ታሪክ ራሱ ተረከ። የሞላልኝን ታሪክ፣ በሞላልኝ ሜዳ። ስምንት ሳጥን ከቦታል። ሞላልኝ ከመኪናው ጋር ተደግፎ ቆሟል፤ አጠገቡ ምናሴ አለ። ምናሴ ሳክሲ የሚኖር የአራት ልጆች አባት ነው፤ የእሁድ ክፍሉ ተማሪ ነበር፤ ዜጋ የሆነውም በሞላልኝ ትምህርት ነው፤ እስከ ዛሬም ከሱ ፊት ሲጋራ አያጨስም።

«መምህር፣ እንዴት አንጀት በሚበላ አነጋገር ይተርካል» አለ ምናሴ፣ ክፋት ሳይኖርበት።

የሞላልኝ አንጀት ቅጥል አለ። «እሱ ያላወቀው ማን ይወቀው?» አለ። «ራሔልን ቤቱ አስቀምጧት።»

ምናሴ ዞር ብሎ አየው። ሞላልኝ እዚያ ላይ ቢያቆም ነገሩ እንደ ጨዋታ ያልፍ ነበር። አላቆመም። ሁለት ዓመት ሙሉ በባል ላይ ባል፣ ወረቀቱን በዓይኔ አይቻለሁ አለ፤ ተራው ተንቀሳቀሰና ሁለቱም መኪናቸውን ሊያስጠጉ ሄዱ። ጠቅላላው የአንድ ደቂቃ ወሬ ነበር።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ምናሴ ለሚስቱ ነገራት፤ ሚስቱ ለእህቷ በስልክ። በሳምንቱ ጋርላንድ ደርሶ መልኩን ለውጦ ነበር፤ አይናዲስ የመጀመሪያ ባሏን ሳትፈታ ጥላ የመጣች፣ ልጇንም የካደች ሆነች። ቤተ ክርስቲያን ስትገባ አጠገቧ የነበሩት ሴቶች ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ፈቀቅ አሉ። አንዷ ደግሞ፣ ለአንቺው ብዬ ነው እህቴ፣ ብላ ነገሩን እስከ ጫፉ አጫወተቻት። አይናዲስ ከዚያ እሁድ በኋላ አልመጣችም።

አምሃ ሎቱ ላይ ሳጥን ትቶ መኪናው ውስጥ መቀመጥ ጀመረ። ላፕቶፑን አልከፈተም። ጋሽ ወልደ ሥላሴ ለሞላልኝ በአጭሩ፣ ሰው የቤቱን ነገር ሳያጠራ ሕዝብ ፊት አይቆምም፣ ለጊዜው ክፍሉን አንተው ያዝ አሉት። ሳጥኖቹም ተመለሱ፤ ዘጠኙም። ሞላልኝ ቆጠራቸው። ደስታው ግን ከቀትር አላለፈም። ሊንከንን ጀመረ፤ ሁለተኛው ፊት ላይ ሲደርስ ሰዉ ሳቀ፤ እሱ ግን በሳቁ መሀል ወደ አምሃ መኪና እያየ ነበር። ያ ሰው ዝም ብሎ መሪውን ይዞ ሲቀመጥ እንኳ የሚበልጠው ነገር ያለ መሰለው። አሸንፎም ቀና።

ሐሙስ ጠዋት አምሃ የሞላልኝን የመኪና በር አንኳኳ፤ ገብቶ አጠገቡ ተቀመጠ። ፊቱ ከስቷል።

«መምህር፣ አንድ ነገር ልንገርዎትና ይቅር ይበሉኝ» አለ። «አይናዲስ ይህ ነገር ከእርስዎ ነው የወጣው አለች። ወረቀቱን ያየው ሌላ ማን አለ አለችኝ። እኔ ተቆጣኋት። መምህር ነው፣ መምህር አያደርገውም አልኳት። ሦስት ቀን ሆነን ሳንነጋገር። ጠርጥራዎታለችና፣ ለእሷ ብዬ ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት።»

ሞላልኝ «ሂድ፣ ሚስትህን አነጋግራት» ብቻ አለው። አምሃ የእሱን እጅ ስሞ ወረደ።

በዚያው ዕለት ረፋድ ላይ ጋሽ ወልደ ሥላሴ ሰዉን ሁሉ ግድግዳው ሥር ሰበሰቡ። በድሮ ዘመን ባላገር ከብት ሲጠፋበት፣ ቤት ሲቃጠልበት አውጫጭኝ ይቀመጥ ነበር፤ የአካባቢው ሰው ሜዳ ላይ ይሰበሰብና ጥፋተኛው ሳይወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። እሳቸው ይህን በልጅነታቸው አይተዋል፤ ሞላልኝ ደግሞ በድሮው መጽሐፍ አስተምሮታል። የሰው ስም ከከብት አያንስም አሉ ጋሽ ወልደ ሥላሴ፤ ሰው ሁሉ ከማን እንደሰማው ይናገር፣ እስኪጠራ ድረስ ተራ የደረሰው እንኳ አይነሳ። ሁለት ሰዎች ተራቸው ደርሶ አለፋቸው። ከኋላ የነበሩት የሌላ አገር ሾፌሮች ምን እንደተፈጠረ ባይገባቸውም እጃቸውን እያወዛወዙ ደስ ብሏቸው ነጎዱ።

ከማን ሰማህ? ከእገሌ። አንተስ? ከሚስቴ። ሚስትህስ? ክሩ እየተተረተረ፣ አንዱ ሌላውን እየጠራ መጣና ምናሴ ላይ ቆመ። ምናሴ ጫማውን እያየ ነበር።

«አንተስ ከማን ሰማህ?»

በአውጫጭኝ ደንብ የነገረን ሰው ላለመጥራት የሚባል ቃል አለ፤ ምናሴ እሱን አለ። «ወፍ ነገረችኝ።»

«እዚህ ወፍ የለም» አሉ ጋሽ ወልደ ሥላሴ። በዚያው ቅጽበት ከራሳቸው በላይ አውሮፕላን እያጓራ አለፈ፤ ድምፁ እስኪርቅ ጠበቁ። «ያለው ይኸው ብቻ ነው። ስም ካልጠራህ ነገሩ ያንተ ይሆናል። ከእድሩም ትወጣለህ፣ ሚስትና ልጆችህም ከአንተ ጋር።»

«ወፍ ናት ጋሼ» አለ ምናሴ፣ አሁንም ጫማውን እያየ። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብሎ፣ ከሞላልኝ ዓይን ጋር ሲገጥም ፈጥኖ መለሰው።

ሞላልኝ ሳጥኑ ላይ ተቀምጦ ነበር። ዝም ቢል ማንም አያውቅም። ክፍሉ የእሱ ነው፤ ሳጥኖቹ የእሱ ናቸው፤ አምሃ እንኳ ተማምኖበታል። ትዝ ያለው ፕሬዝዳንት ክሊቭላንድ ነበር፤ ከጋብቻ ውጭ ልጅ አለህ ብለው በከተማው ሁሉ ሲዘፍኑበት፣ ምን እንበል ብለው የጠየቁትን ወዳጆቹን እውነቱን ተናገሩ ብሎ ያዘዘው። ያን ታሪክ ስንት ጊዜ አስተምሮታል። ሲያስተምሩት ቀላል ነበር። ጉልበቱን ይዞ ተነሳ።

«ምናሴን ተዉት» አለ። «ወፉ እኔ ነኝ።»

ጋሽ ወልደ ሥላሴ ያልሰሙ መሰሉ። «አንተስ ከማን ሰማህ?»

«አልሰማሁም። አነበብኩት። በግንቦት የሰጠችኝ ወረቀት ላይ። ያልኩትም ሙሉው አይደለም። በሽማግሌ ተፈታች፣ ከዚያ ተጋቡ፣ ፍርድ ቤት ሲዘገይ ደግመው ተፈራረሙ። ልጇንም አልካደችም፤ ልታመጣት ነው ወደ እኔ የመጣችው። እኔ ግማሹን አወጣሁት።»

«ምን ብለህ?»

ረጅም መልስ ነበረው፤ ስለ ትምህርት፣ ስለ ማሽን፣ ስለ ዘመን። አፉ ላይ ሲደርስ ሁሉም ጠፋ።

«ቀንቼ ነው» አለ።

የተቆጣ የለም። ቢቆጡት ይሻለው ነበር። አምሃ ከመኪናው ወርዶ ጥግ ላይ ቆሞ ሲሰማ ነበር፤ ሞላልኝን ለረጅም ጊዜ አየው፤ ተመልሶ ሄዶ መኪናውን አስነሳ። ምናሴ ግንባሩን በመዳፉ ጠረገ። ሳጥኖቹ አንድ በአንድ ተነሱ።

ቅዳሜ ሽማግሌዎች ይዘውት ቪከሪ ሜዶ ሄዱ። አይናዲስ በሩን ከፈተች፤ ገብተው ቆሙ። ሞላልኝ ወረቀቶቿን በፖስታ አድርጎ በሁለት እጁ ያዘና ወደ እግሯ ጎንበስ አለ፤ ጋሽ ወልደ ሥላሴ ክንዱን ይዘው አነሱት።

«ስለ ወሬው አይደለም» አለች፣ ወደ ሽማግሌዎቹ እያየች። «ወሬ ከአገሬ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ባሌ ከእኔ ይልቅ እሱን አመነ። ሦስት ቀን አኩርፌ ያደርኩበት እሱ ነው። ለእናንተ ሽበት ስል ይቅር ብያለሁ።» ፖስታውን ከእጁ ተቀበለችው፤ ዓይኑን ግን አላየችውም። አምሃ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ነበር። ሽማግሌዎቹ አንተስ ሲሉት አንገቱን እንደደፋ ቀረ። ደግመው አልጠየቁትም። ሞላልኝም እሷ ይቅር ስትል ባል ለምን እንደማይችል ከመጽሐፉ ያውቀው ነበር።

ክፍሉ ለአምሃ ተሰጠ። በመጀመሪያዎቹ እሁዶች አይናዲስም አብራው መጣች፤ ፈቀቅ ብለው የነበሩት ሴቶች ቦታ ለቀቁላት፤ እሷ ግን በስተኋላ ተቀመጠች። ሞላልኝ ሎቱ ላይ ተራውን መኪናው ውስጥ ሆኖ ይጠብቅ ጀመር። አልፎ አልፎ ምናሴ መጥቶ መስኮቱን ያንኳኳል፤ ስለ ምንም ነገር ያወራሉ፤ ስለ ፕሬዝዳንት ግን አይነሳም።

ዓለምሸትን እሁድ እሁድ ወደ አዳራሹ የሚወስዳት እሱ ነው። መግባት አልተከለከለም፤ አይገባም እንጂ። ፓርክ አድርጎ ይጠብቃታል።

በኅዳር አንድ እሁድ ዓለምሸት ወረቀቷን አጥፋ ወጣችና ቀበቶዋን እያሰረች፣ ሳይጠይቃት፣ ሕገ መንግሥት ምን እንደሚሠራ፣ ሦስቱ የመንግሥት አካላት እነማን እንደሆኑ ልቅም አድርጋ ነገረችው። ሦስት ዓመት ሲነግራት የተኛችበትን።

«ጃክሰንንስ አነሳው?» አላት።

«ሰባተኛው ፕሬዝዳንት ብሎ አለፈው። ሌላ ነገር አልተናገረም።» ወደ መስኮቱ ዞር አለች። «ይህ ልጅ ሲያስተምር አያስተኛም።»

ያችው የድሮዋ ቦታ፣ ከጎድኑ በታች፣ እንደገና ቅጥል አለች። ይቅርታ ጠይቆባትም፣ ስሙን ጥሎባትም አልጠፋችም። ሞላልኝ መኪናውን አስነሳ።

በሚቀጥለው እሁድ ቀደም ብሎ ደርሶ መኪናውን አዳራሹ ጎን አቆመ። ቀኑ ሞቃት ነበርና የአዳራሹ መስኮት ተከፍቷል። የአምሃ ድምፅ ይሰማል፤ ቃሉ ግን አይለይም። ድንገት ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ሞላልኝ ጆሮውን አቀና። ምን ብሏቸው ይሆን? ሊንከን ይሆን? ያቺን ነገር እኔ ብነግራቸው ገና ከዚህ የበለጠ ይስቁ ነበር ብሎ አሰበ፤ አሰበና አፈረ። የመኪናውን መስታወት ዘጋው።

ትንሽ ቆይቶ፣ ጣት የምታስገባ ያህል፣ መልሶ ከፈተው።